ኢትዮጵያ የከሰሰችበት መዝገብ፦ የዓለም አቀፍ ሕግ ተማሪዎች ማኅበርና የፌርፋክስ ልጆች

በየዓመቱ መስከረም ላይ ወደ መቶ በሚጠጉ አገሮች የሚማሩ የሕግ ተማሪዎች አንድ ዓይነት ሰነድ ይደርሳቸዋል። በሰነዱ ውስጥ በዓለም ካርታ ላይ የሌሉ ሁለት መንግሥታት ተጣልተዋል። የጠቡ መነሻ ወሰን ወይም ወንዝ፣ የታሰረ ሰው ወይም የተወረሰ ንብረት ሊሆን ይችላል። ተማሪዎቹ ወራት ሙሉ ውልና ፍርድ ሲያገላብጡ ከርመው ለከሳሹም ለተከሳሹም መንግሥት የጽሑፍ ክርክር ያዘጋጃሉ፤ ከዚያም በዳኞች ፊት ቆመው ይሟገታሉ። ይህ የምስለ ችሎት ውድድር ጄሰፕ ይባላል። የሚያዘጋጀውም የዓለም አቀፍ ሕግ ተማሪዎች ማኅበር ነው።

ውድድሩ የተሰየመባቸው ሰው በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ስፍራ አላቸው፤ ይህ ግን ብዙም ሲነገር አይሰማም። ፊሊፕ ጄሰፕ አሜሪካዊ የሕግ ሊቅ ነበሩ። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። በ1949 የበርሊን ከበባ እንዲነሣ ከሶቪየት ኅብረቱ ተወካይ ጋር የተደራደሩት እሳቸው ናቸው። ከ1961 እስከ 1970 ደግሞ ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የፍትሕ ፍርድ ቤት በዳኝነት ተቀምጠዋል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ወንበር ላይ ሳሉ ከሳሿ ኢትዮጵያ የሆነችበት መዝገብ ቀረበላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጀርመን ቅኝ ግዛት የነበረችው ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ የዛሬዋ ናሚቢያ፣ በመንግሥታት ማኅበር ስም በደቡብ አፍሪካ ሞግዚትነት ሥር ገባች። ሞግዚቷ የሕዝቡን ደኅንነትና እድገት ለመጠበቅ ቃል ገብታ ነበር። የጠበቀችው ግን አፓርታይድን ነው። በሞግዚትነት ውሉ ውስጥ አንዲት አንቀጽ አለች፤ በውሉ ላይ አለመግባባት ቢነሣ ሞግዚቷን ወደ ዓለም ፍርድ ቤት ሊወስዳት የሚችለው የማኅበሩ አባል የሆነ መንግሥት ነው ትላለች። በ1960 በርካታ የአፍሪካ አገሮች ነጻ ወጥተው ነበር፤ ሆኖም ማኅበሩ በሕይወት ሳለ ቅኝ ግዛት ስለነበሩ አባል አልነበሩም። ከደቡብ አፍሪካ ሌላ፣ ከሰሐራ በታች የቀድሞ አባልነት ያላቸው ሁለቱ ብቻ ነበሩ፦ ላይቤሪያና በሴፕቴምበር 1923 ማኅበሩን የተቀላቀለችው ኢትዮጵያ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ራስ ተፈሪ በብዙ ድካም ያስገኙት ያ አባልነት ፋሺስት ኢጣሊያ አገሪቱን ስትወር አላዳናትም። ንጉሠ ነገሥቱ ጁን 30 ቀን 1936 ጄኔቭ ላይ ቆመው አቤት ሲሉ ማኅበሩ ብዙም ሳይቆይ በኢጣሊያ ላይ የጣለውን ማዕቀብ አነሣ። ያ መራራ ትዝታ በኢትዮጵያውያን ዘንድ ዓለም አቀፍ ሕግ የደካማ መጽናኛ፣ የኃያል መቀለጃ ነው የሚል ጽኑ እምነት ተክሏል። ያው በ1936 ከንቱ የሆነው አባልነት ግን ከ24 ዓመት በኋላ ኢትዮጵያን በሌላው አፍሪካዊ ወንድሟ ስም ከሳሽ ለመሆን አበቃት። በጁን 1960 አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡት ነጻ የአፍሪካ መንግሥታት ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ክሱን እንዲያቀርቡ ወሰኑ፤ ኖቬምበር 4 ቀን 1960 ማመልከቻው ሄግ ገባ።

ደቡብ አፍሪካ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን የለውም ስትል መቃወሚያ አቀረበች። ዲሴምበር 21 ቀን 1962 ፍርድ ቤቱ 8 ለ 7 በሆነ ድምፅ መቃወሚያውን ጣለው። አሜሪካዊው ጠበቃ ኧርነስት ግሮስ የከሳሾቹን ነገር ይዘው ተከራከሩ፤ ሁለቱ ከሳሾች በጋራ የመረጧቸው ናይጄሪያዊው ሉዊስ ምባኔፎም ለዚህ ጉዳይ ብቻ ከዳኞቹ ጋር ተሰየሙ። የቃል ክርክሩ በ1965 ለወራት ተሰማ። አፓርታይድ በሕግ ፊት ሊዳኝ ነው ተብሎ መላው አፍሪካ ጆሮውን ወደ ሄግ አቀና።

ጁላይ 18 ቀን 1966 የወጣው ፍርድ ግን ሌላ ሆነ። በመካከሉ አንድ ዳኛ ሞተዋል፣ አንዱ ታመዋል፣ አንዱ ከችሎቱ ገለል ብለዋል። ከቀሩት ውስጥ ድምፁ 7 ለ 7 ተከፈለ፤ ፕሬዚዳንቱ አውስትራሊያዊው ፐርሲ ስፔንደር በወሳኝ ድምፃቸው ሚዛኑን ወደ አንድ ወገን ጣሉት። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በጉዳዩ የራሳቸው የሆነ ሕጋዊ ጥቅም ስለሌላቸው ክሳቸው ተቀባይነት የለውም ተባለ። አፓርታይድ ሕጋዊ ነው አልተባለም፤ ሕገወጥ ነውም አልተባለም። ስድስት ዓመት የተደከመበት ነገር ፍሬው ሳይታይ በበሩ ላይ ተመለሰ። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች የሚለው የአገራችን ሰው ቁጭት እዚህ ላይ ልክ ነው።

ጄሰፕ ከተሸነፉት ሰባት ዳኞች አንዱ ነበሩ። ከመቶ ገጽ በላይ የሆነ የልዩነት ሐሳብ ጽፈው ፍርዱ የሕግ መሠረት የለውም ሲሉ በግልጽ አቋማቸውን አሰፈሩ። ዛሬ ያ ጽሑፍ የዓለም አቀፍ ሕግ ተማሪ ሊዘለው የማይገባ ንባብ ነው። በስማቸው በሚጠራው ውድድር ለመሳተፍ የሚዘጋጅ ኢትዮጵያዊ ልጅ ይህን ሳያውቅ መድረክ ላይ ከወጣ ከገዛ ቤቱ ታሪክ ተለይቶ ወጣ ማለት ነው።

ሽንፈቱ በዚያ አልቆመም። ፍርዱ ከወጣ ከአንድ ወር ጥቂት በኋላ፣ ኦገስት 26 ቀን 1966፣ የናሚቢያ ነጻነት ታጋዮች ጠመንጃ አነሡ። ኦክቶበር 27 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ 114 ለ 2 በሆነ ድምፅ የደቡብ አፍሪካን ሞግዚትነት ሰረዘ። በ1971 ያው ፍርድ ቤት የደቡብ አፍሪካ በናሚቢያ መቆየት ሕገወጥ ነው የሚል ምክረ ሐሳብ 13 ለ 2 ሰጠ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1970 በሌላ መዝገብ ላይ ለዓለም ማኅበረሰብ በሙሉ የሚገቡ ግዴታዎች አሉ፣ እነሱን ለማስከበርም ማንኛውም መንግሥት ሕጋዊ ጥቅም አለው ብሎ ነበር። ናሚቢያ ማርች 21 ቀን 1990 ነጻ ወጣች። በ2019 ትንሿ ጋምቢያ ስለ ሮሂንጋ ሕዝብ ብላ ምያንማርን ስትከስ፣ አንቺን ምን አገባሽ የሚለው የቆየ መቃወሚያ ተነሣባት፤ ጁላይ 22 ቀን 2022 ፍርድ ቤቱ 15 ለ 1 በሆነ ድምፅ ያገባታል አለ። በ2023 መጨረሻ ከሳሽ ሆና በዚያው ችሎት የቀረበችው ደግሞ በዚያን ዘመን የኢትዮጵያ ተከሳሽ የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ናት፤ የከሰሰችውም እስራኤልን ነበር። ኢትዮጵያ በ1966 የተከለከለችው በር በጋምቢያ ክስ በ56 ዓመቱ ተከፈተ።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ስለ ተማሪ ማኅበር ለምን ይወራል ብሎ አይጠይቅም። የጄሰፕ ውድድር የተጀመረው በ1960፣ ክሱ ሄግ በገባበት በዚያው ዓመት፣ ሃርቫርድ ላይ በአንድ ትምህርት ቤት ሁለት ቡድኖች መካከል ነው። የመጀመሪያውን የክርክር ጭብጥ የጻፈው ወጣት መምህር ስቴፈን ሽዌብል በኋላ ራሱ የዓለም ፍርድ ቤት ዳኛ፣ ቀጥሎም ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1962 በየትምህርት ቤቱ የነበሩት የዓለም አቀፍ ሕግ ተማሪዎች ማኅበሮች አንድ ላይ ተደራጁ። ከ1968 ጀምሮ ከአሜሪካ ውጭ ያሉ ትምህርት ቤቶችም ገቡበት፤ ዛሬ አሸናፊዎች የሚለዩት ዋሽንግተን ላይ ነው። በአፍሪካም ከ1992 አንሥቶ የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተባብረው የሰብአዊ መብት ምስለ ችሎት አለ። በኢትዮጵያ የሕግ ትምህርት ቤቶችም በጦርነት ሕግ ላይ የሚካሄደው የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ውድድር ለብዙ ተማሪ የመጀመሪያው መድረክ ሆኗል።

አሠራሩ ቀላል ቢመስልም ጠንከር ያለ ነው። አንድ ቡድን ከሁለት እስከ አምስት ተማሪ ይይዛል። ትምህርት ቤቱ በስሙ አይጠራም፤ ዳኛ እንዳያዳላ ቡድኑ በቁጥር ብቻ ይታወቃል። ለእያንዳንዱ ወገን 45 ደቂቃ ይሰጣል፤ ዳኞቹም ተማሪው ያጠናውን እንዲያነበንብ አይተዉትም፣ በየመካከሉ በጥያቄ ያቋርጡታል። ከሁሉም የሚከብደው ግን አንድ ደንብ ነው፦ ዛሬ ለከሳሹ የቆመ ተማሪ ነገ ለተከሳሹ ይቆማል።

ኢትዮጵያዊ ለሙግት እንግዳ አይደለም። በላ ልበልሃ እየተባለ በአደባባይ ሲሟገት፣ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥሮ ወደ ዳኛ ሲሄድ፣ ነገር አዋቂን እንደ ጀግና ሲያከብር ኖሯል። አንደበት፣ ትዝታና ድፍረት ከዚያ ተርፎታል። በዚያ ሙግት ግን ማንም የባላጋራውን ነገር ወስዶ ተከራከርበት አይባልም ነበር። የተማሪ ማኅበሩ የሚጨምረው ይህንን ነው፤ የባላጋራን ነገር ከባላጋራው በተሻለ ማወቅን። ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይያዝ ቢባል መያዝ ያለበት ይህ ነው።

ይህ ትምህርት ለኢትዮጵያውያን ልጆች ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ለማየት ወደ ሎስ አንጀለስ እንምጣ። ከዊልሸር ጎዳና ሚራክል ማይል በስተደቡብ፣ ፌርፋክስ ላይ ከኦሊምፒክ እስከ ዊትዎርዝ ያለውን ሰፈር የከተማው ምክር ቤት በኦገስት 2002 ትንሿ ኢትዮጵያ ብሎ ሰይሞታል። ዊልሸርን ይዞ ወደ ምዕራብ የሄደ ሰው ዩሲኤልኤን ያገኛል፤ ወደ ምሥራቅ የሄደ ሳውዝዌስተርን የሕግ ትምህርት ቤትን፣ በ1929 በተከፈተው የቀድሞው ቡሎክስ መደብር ሕንጻ ውስጥ። ኦሊምፒክን ይዞ ወደ መሐል ከተማ የወረደ ሎዮላ የሕግ ትምህርት ቤት ይደርሳል። እንግዲህ ሽሮና ክትፎ ከሚሸትበት መንገድ ተነሥቶ በሁለት ጎዳናዎች ብቻ ሦስት የሕግ ትምህርት ቤቶች ይገኛሉ። እንዲህ ያለ ጉርብትና ያለው የኢትዮጵያውያን ሰፈር በዓለም ላይ ብዙ አይገኝም።

ሎስ አንጀለስ ለተማሪ ክርክር አዲስ አይደለችም። በ1971 የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር 19ኛ ጉባኤውን ያካሄደው እዚሁ ነው። የጉባኤው ትልቁ እሳት የብሔሮች ጥያቄና የኤርትራ ጉዳይ ነበር፤ ማለትም የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት እስከ የት ይሄዳል የሚለው፣ ከዓለም አቀፍ ሕግ ጥያቄዎች ሁሉ ከባዱ። ኤርትራን ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ያገናኘው የ1950 የተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ፣ ስለ ቅኝ ግዛት ሕዝቦች ነጻነት የወጣው የ1960 መግለጫ፣ ሁለቱም በዚያን ጊዜ በእጅ የሚገኙ ሰነዶች ነበሩ። የዚያ ትውልድ ተማሪዎች ብርቱዎች ነበሩ፤ ለእምነታቸው ሕይወታቸውን የሰጡም አሉባቸው። ነገር ግን ክርክሩ በአብዛኛው ከማርክስ፣ ከሌኒንና ከስታሊን ጽሑፍ እየተጠቀሰ የሚካሄድ ነበር። ጉባኤው ካለፈ በኋላም ማኅበሩ እንደ ቀድሞው አንድ ሆኖ አልዘለቀም። ያን ጥያቄ አንድ ወገን ለአዎንታው፣ ሌላው ለአሉታው ተመድቦ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ቦታ ተለዋውጦ ቢከራከርበት ኖሮ ምን ያህል ወዳጅነት ይተርፍ ነበር! ይህን ማንሣት ለወቀሳ አይደለም፤ ያው ጥያቄ ዛሬም በፌርፋክስ ቡና ቤቶች በየሳምንቱ ስለሚነሣ ነው።

መነበብ ካለባቸው መዝገቦች ግንባር ቀደሙ የኢትዮጵያና የኤርትራ ወሰን ነው። ከጦርነቱ በኋላ በዲሴምበር 2000 አልጀርስ ላይ ሁለቱ መንግሥታት ወሰኑን የሚለየው ኮሚሽን ውሳኔ የመጨረሻና አስገዳጅ ይሁን ብለው ፈረሙ። ኤፕሪል 13 ቀን 2002 በእንግሊዛዊው የሕግ ሊቅ በኤሊሁ ላውተርፓክት የሚመራው ኮሚሽን ወሰኑን በ1900፣ በ1902 እና በ1908 ውሎች መሠረት ለየ። በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ የተሰጠው ይፋዊ መግለጫ ባድመ ለኢትዮጵያ እንደተወሰነች የሚናገር ነበር፤ ሕዝብም ተደሰተ። ውሳኔው ግን መስመሩን በኬንትሮስና በኬክሮስ ነጥቦች ይዘረዝራል። ነጥቦቹ ካርታ ላይ ሲቀመጡ ባድመ በኤርትራ በኩል ወደቀች። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ሰነዱን ማንበብና ነጥብ በካርታ ላይ ማሳረፍ ብቻ ነበር።

ሌላም ትምህርት አለበት። ኢትዮጵያ ባድመን ታስተዳድር እንደነበር ያቀረበችውን ማስረጃ ኮሚሽኑ በቂ ሆኖ አላገኘውም። የወሰን ስፍራዎቹን ጾረናንና ፎርት ካዶርናን በተመለከተ ደግሞ የኢትዮጵያ ጠበቆች ራሳቸው በጽሑፍ መልሳቸው የኤርትራነታቸው ነገር አከራካሪ እንዳልሆነ አድርገው ጠቅሰዋቸው ስለነበር ኮሚሽኑ በቃላቸው ያዛቸው። አሥር ሺዎች የሞቱለት መሬት ላይ በጽሑፍ የገባች አንዲት ዓረፍተ ነገር ይህን ያህል ትመዝናለች። በሌላ በኩል የጦርነቱን ካሳ የሚያየው ሌላ ኮሚሽን በዲሴምበር 2005 ኤርትራ በሜይ 1998 በባድመ ላይ የከፈተችው ጥቃት የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር የጣሰ ነው አለ። በ2009 በወጣው የመጨረሻ ውሳኔ ለኢትዮጵያ 174,036,520 ዶላር፣ ለኤርትራ መንግሥት 161,455,000 ዶላር፣ ለኤርትራውያን ግለሰቦች ደግሞ 2,065,865 ዶላር ተፈረደ። መሬቱ የአንደኛው ነው፤ በጦር የገባበት መንገድ ግን ሕገወጥ ነው። ሁለቱን ውሳኔ ጎን ለጎን ይዞ ማስረዳት የሚችል ወጣት በፌርፋክስ ካሉ ጠረጴዛዎች በአንዱ ላይ ቢቀመጥ ስንት የከረረ ጭቅጭቅ ይለዝብ ነበር። ኢትዮጵያዊው ለኤርትራ፣ ኤርትራዊው ለኢትዮጵያ ሆኖ ቢከራከር ደግሞ የበለጠ።

ዓባይም እንዲሁ ነው። ለኢትዮጵያ የሚከራከር ሁሉ በ1959 ግብፅና ሱዳን 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ሲከፋፈሉ ኢትዮጵያ እንዳልነበረችበት ያውቃል፤ ውል ያልፈረመውን ሦስተኛ ወገን እንደማያስርም ይናገራል። ትክክል ነው። የግብፅን ጉዳይ እንዲይዝ የተመደበ ተማሪ ግን ወዲያው ምኒልክ በሜይ 1902 ከእንግሊዝ ጋር የፈረሙትን ውል ያወጣል፤ ያንን ኢትዮጵያ ፈርማለችና። የኢትዮጵያው ወገን መልስ መፈለግ ግድ ይሆንበታል። እንግሊዝ በ1938 የኢጣሊያን ወረራ ስትቀበል ውሉ ምን ሆነ? በ1997ቱ የውሃ ስምምነት ላይ ኢትዮጵያም ግብፅም ድምፀ ተዓቅቦ ያደረጉት ለምንድን ነው? በማርች 2015 ካርቱም ላይ የተፈረመው የመርሖዎች መግለጫ ግዴታው ምን ድረስ ነው? የዓባይ ግድብ በሴፕቴምበር 2025 ተመርቋል፤ ክርክሩ ግን አልተመረቀም፣ ገና ረጅም መንገድ አለው።

ዓለም አቀፍ ሕግ በመንግሥታት መካከል ብቻ የሚቀር እንዳይመስል አንድ የአሜሪካ ፍርድ ይጨመር። በቀይ ሽብር ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ የተገረፉ ሦስት ኢትዮጵያውያት የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር የነበረውን ቀልቤሳ ነገዎን አትላንታ ላይ አገኙት፤ አንደኛዋ በምትሠራበት ሆቴል ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። በ1789 በወጣ አንድ የአሜሪካ ሕግ መሠረት በዓለም አቀፍ ሕግ የተከለከለውን ግርፋት ፈጽሞብናል ብለው ከሰሱት። በ1993 ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ተፈረደላቸው፤ የይግባኙ ፍርድ ቤትም በ1996 አጸናው። ሰውየው በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ። እነዚህ ሴቶች የመንግሥት ድጋፍ አልነበራቸውም። ሕጉን የሚያውቁ ጠበቆችና የራሳቸው ጽናት ነበራቸው።

ኢትዮጵያ በመንግሥት ደረጃም ለዚህ ሕግ እንግዳ አይደለችም። የዘር ማጥፋት ወንጀልን የሚከለክለውን የ1948 ስምምነት ከዓለም አገሮች ሁሉ ቀድማ፣ ጁላይ 1 ቀን 1949፣ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር በዚሁ በካሊፎርኒያ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በጁን 1945 ሲፈረም ከፈረሙት አንዷ ነበረች። በዓለም ፍርድ ቤት 15 ዳኞች ለዘጠኝ ዘጠኝ ዓመት ይመረጣሉ፤ እስከ ዛሬ ግን በዚያ ወንበር የተመረጠ ኢትዮጵያዊ የለም።

ስለዚህ ልመናው ለሦስት ወገን ነው። በሎስ አንጀለስ የሕግ ትምህርት ቤቶች የምትማሩ የኢትዮጵያና የኤርትራ ልጆች በትምህርት ቤታችሁ ካለው የዓለም አቀፍ ሕግ ተማሪዎች ማኅበር ግቡ፤ በምስለ ችሎቱም ተወዳደሩ። የሰፈሩ ማኅበራትና የንግድ ቤት ባለቤቶች በወር አንድ ምሽት አንድ ክፍል ስጧቸው፤ ከላይ የተጠቀሱትን መዝገቦች በአማርኛና በትግርኛ ለወላጆቻቸው ያስረዱ። ነገሩን በአካል ያያችሁ አባቶችና እናቶች ደግሞ ተገኙ፤ በ1971ዱ ጉባኤ አዳራሽ የነበረ፣ በአዲስ አበባ የሕግ ፋኩልቲ የመጀመሪያ ዓመታት የተማረ፣ በዲፕሎማትነት ያገለገለ ሰው በመካከላችሁ ካለ ያየውን እየተናገረ ይቀዳለት፤ ጊዜው እያለፈ ነውና።